ሥራ የቀዘቀዘበት ነሐሴ

ሰኔ ላይ ቢሯችን መተንፈሻ የለውም። በጀት ይዘጋል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ቅዳሜም እንገባለን። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ይጀምርና ወሩ በዕቅድ ሩጫ ያልቃል። ነሐሴ ሲገባ ግን ጭር ይላል። ግማሹ ሠራተኛ ዓመት ፈቃድ ላይ ነው። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። በዚያ ዝናብ ባለጉዳይም ብዙ አይመጣም።

ሥራ ሲበዛ ያማርራል፤ ሲጠፋ ግን ይብሳል። ጠዋት 2:30 ገብቼ ወንበር አሞቃለሁ። ስልኬን እጎረጉራለሁ፣ ዓይኔ ይደክማል፣ ሰዓቱ ግን ፈቀቅ አይልም። ከሁሉም የሚከብደኝ ማስመሰሉ ነው። ኃላፊ ባለፈ ቁጥር ኤክሴል መክፈት፣ ያነበቡትን ደብዳቤ መልሶ ማንበብ። እንዲያ የዋልኩ ዕለት ቤት ስገባ ከሰው ጋር ማውራት ያስጠላኛል። ዓርብ ትንሽ ይሻላል፤ ለጁምዓ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለምንወጣ ቀኑ ያጥራል። አንዳንዱ ባልደረባዬ በዚህ ወቅት የርቀት ትምህርቱን ያነባል። ጎበዝ ነው፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ መጽሐፍ አይገባኝም።

እኔን የገላገለኝ መዝገብ ቤቱ ነው። የምትሠራበት እህት አንድ ቀን «ከምትቆዝሚ ነይ አግዢኝ» አለችኝ። ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ።

ማህደሮቹ በሲባጎ ታስረዋል። የአሮጌዎቹ ጠርዝ ገና ሲነኩት ይፈረፈራል። የ«መ» መደርደሪያ ብቻውን አንድ ግድግዳ ይዟል፤ ወሎ ነዋ! አንዱ ጸሐፊ መሐመድ ይላል፣ ሌላው ሙሐመድ፣ ሌላው ሞሐመድ። የአንድ ሰው ቅጥር ደብዳቤ እዚህ፣ የደረጃ ዕድገቱ እዚያ ይገኛል። የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመንና ፊርማ እያየን እናገናኛለን። ሁለቱ ሲገጥሙ እንዴት ደስ እንደሚል! ቀና ስል 6:30 ሆኖ አገኘዋለሁ።

ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ የሚወጣ ሰው የአገልግሎት ዘመኑን የሚያረጋግጠው በዚህ ወረቀት ነው። በ2014 ጦርነት ደግሞ ወሎ ውስጥ ብዙ መሥሪያ ቤት ሰነዱ ወድሟል። የተረፈውን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

በቀደም አንድ አባት ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ።

«ልጄ፣ ባለፈው ስመጣ ማህደርህ የለም ተብዬ ነበር።»

«አብሽሩ አባቴ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ስማቸውን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ፈለግን። ማህደራቸው ለሁለት ተከፍሎ ቆይቶ፣ በቅርቡ እኛው በአንድ ሲባጎ አስረነው ነበር። ወዲያው ወጣ። የቅጥር ፎርሙ ላይ ጉርድ ፎቷቸው አለ፤ ጎፈሬያቸው ከፎቶው ሊወጣ ደርሷል። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ደጋግመው አዩት። «ይሄማ ልጄን ነው የሚመስለው» አሉ። ከዚያ ሁለታችንንም ቆመው መረቁን፤ የወሎ ምርቃት እንደሆነ አያልቅም፣ አሚን ስንል ቆየን።

አሁን «ሠ» እና «ሰ» ላይ ነን። ሰይድ በሁለቱም ፊደል አለ። መስከረም ሳይጠባ ብንጨርሰው ደስ ይለኛል።