ራሱን ያጠፋ የነበረው ኮምፒውተራችን

የዛሬን ከሰዓት በኋላ የሰጠሁት፣ ሥራ ሲበዛበት በድንገት ራሱን ያጠፋ ለነበረው የቤታችን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውን ዋና ክፍል፣ ሙቀት ስመለከት፣ አንድም ፕሮግራም ሳይከፈት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይነበብ ነበር። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለመከላከል ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ አሁንም ካልበረደ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ይህ ጥበቃ እንጂ ብልሽት ባለመሆኑ፣ ሰዎች ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጠለ ተብለው ያለ አግባብ ገንዘብ ሲያወጡ ሳይ ከልብ አዝናለሁ።

ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ ስከፍተው ፋኑ ደህና ነበር፤ ከሥሩ ያለው የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ አየር የሚበትነው ብረት) ግን አየር ማሳለፍ እስኪያቅተው ድረስ በአቧራ ተደፍኗል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ካራገፍሁ በኋላ ሂት ሲንኩን ሳነሳው፣ ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ ሙቀት የሚያስተላልፈው ተርማል ፔስት ደርቆና ተሰነጣጥቆ አገኘሁት፤ ዋናው ችግር ይህ ይመስለኛል። አሮጌውን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ አልኮሉ እስኪተን ጠብቄ፣ አተር የምታህል አዲስ ፔስት መካከሉ ላይ አደረግሁ፤ ከዚህ የበዛ እንደሆነ ወደ ጎን ይፈስሳል እንጂ የተሻለ አያቀዘቅዝም።

የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ሊያዘናጋን አይገባም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። አሁን ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ አያልፍም፤ ልጆቹም የቤት ሥራቸውን ሳይቋረጥባቸው ጨርሰዋል።