የእናቴ ንቅሳትና የኩሳትሱ ፍል ውሃ

«ንቅሳት ያለበት ሰው መግባት አይፈቀድለትም» የሚለውን ማስታወቂያ ጃፓን የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። በፍል ውሃ ቤቶች፣ በመዋኛ ገንዳዎችና በስፖርት ማዘውተሪያዎች በር ላይ ተለጥፎ ይታያል። እኔ ንቅሳት ስለሌለኝ ለዓመታት አንብቤው አልፋለሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ግን ማስታወቂያው ስለ እርሷ የተጻፈ ሆነብኝ። እማዬ የጎጃም ሴት ናት። ግንባሯ ላይ መስቀል አለባት፤ አንገቷ ዙሪያውን በመስመር በመስመር ተነቅሷል። የተነቀሰችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ውበቷም፣ የእምነቷም ምልክት ነው።

ወደ ፍል ውሃ ልወስዳት የፈለግሁት ጉልበቷን ስለሚያማት ነው። ባሕር ዳር ሳለች ሕመሙ ሲጠናባት ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ትታጠባለች። ውሃ ይፈውሳል ብላ የምታምን ሴት ናት። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቶኪዮ ውስጥ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሥራዬ አዛውንቶችን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ ከእነርሱ መካከል ዛሬም «አበበ!» የሚሉኝ አሉ፤ በ1964ቱ የቶኪዮ ማራቶን ሲሮጥ ያዩት ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእነዚህን የሰው እናቶች ጀርባ በየቀኑ ሳጥብ፣ የገዛ እናቴን ጀርባ አጥቤ አላውቅም ነበር። ይህ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ነው የኖረው።

በመጀመሪያ የደወልኩበት ማረፊያ በጣም በትሕትና እምቢ አለኝ። ሰባ ዓመት ያለፋት አሮጊት ናት፣ ንቅሳቱም የመስቀል ምልክት ነው ብዬ ባስረዳም መልሱ «ደንብ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» ሆነ። ስልኩን ስዘጋ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ የተባልኩትን አልነገርኳትም።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ወንጀለኛ በክንዱ ወይም በግንባሩ ላይ እየተነቀሰ ይቀጣ ነበር። ኋላም ያኩዛ የሚባሉት የተደራጁ ወንበዴዎች ጀርባቸውን ሙሉ በመነቀስ ታወቁ፤ ሌላው ገላውን የሚታጠብ ሰውም እነርሱን ይፈራል። መንግሥት በ1872 ንቅሳትን በሕግ ከልክሎ ክልከላው እስከ 1948 ቆይቷል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። የሚያንገበግበኝ ግን ጃፓን ራሷ የተነቀሱ እናቶች የነበሯት አገር መሆኗ ነው። በሰሜን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ የቦታው ነባር ሕዝብ የሆኑት የአይኑ ሴቶች አፋቸውን ዙሪያውን ይነቀሱ ነበር፤ በ1871 ተከለከሉ። በደቡብ የኦኪናዋ ሴቶች የእጃቸውን ጀርባና ጣቶቻቸውን ይነቀሱ ነበር፤ እነርሱም በ1899 ተከለከሉ። እነዚያ አያቶች እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከወንበዴ ጋር የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር አልነበረም። በ2013 ደግሞ ከኒው ዚላንድ የመጣች የማኦሪ ሴት፣ ፊቷ ላይ ባለው የአባቶቿ ንቅሳት ምክንያት ሆካይዶ ውስጥ ከአንድ ፍል ውሃ ተመለሰች። እርሷም የመጣችው ስለ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ለመምከር፣ ለዚያውም ወደ አይኑዎች ምድር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ መላላት ጀምሯል። የጃፓን ቱሪዝም ኤጀንሲ በ2015 ማረፊያዎችን ጠይቆ ከመለሱለት መካከል 56 በመቶው ንቅሳት ያለበትን እንደማያስገቡ፣ 31 በመቶው እንደሚያስገቡ፣ 13 በመቶው ደግሞ ከተሸፈነ እንደሚፈቅዱ አሳወቀ። እንግዲህ በሩ ለሁሉም የተዘጋ አይደለም። እኔም መደወሌን ቀጠልኩ።

ከቶኪዮ ሰሜን ምዕራብ፣ በተራራ ላይ ባለችው የፍል ውሃ ከተማ በኩሳትሱ ያገኘሁት ማረፊያ ትንሽ ነው። ስልኩን ያነሱት የቤቱ እመቤት ናቸው፤ ጃፓኖች ኦካሚ ይሏቸዋል። ንቅሳቱን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ደረጃው ያስቸግራቸዋልና ምድር ቤት ያለውን ክፍል ልስጣችሁ» አሉኝ። ስለ ንቅሳቱ የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ የሴቶች መታጠቢያ ውስጥ ሌሎች እንግዶች ስላሉ የቆዳ ቀለም ባለው ልጥፍ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ካልሆነም ቤተሰብ ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን የሚታጠብበት ገንዳ አለ። ቀጥለውም የማትበላው ነገር ካለ ጠየቁኝ።

የምትሄዱት ከቶኪዮ ከሆነ ከዩኤኖ ጣቢያ ፈጣኑን ባቡር ይዛችሁ ናጋኖሃራ ኩሳትሱጉቺ ትወርዱና ከዚያ በአውቶቡስ ትወጣላችሁ። ከተማዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ከአውቶቡሱ እንደወረድን የድኝ ሽታ ተቀበለን፤ እማዬ አፍንጫዋን ከመያዝ ይልቅ በረጅሙ ሳበችውና «ይኼ ነው ውሃ» አለች። መሐል ከተማው ላይ ውሃው ከመሬት እየፈላ ይወጣና በእንጨት ቦዮች ላይ እየወረደ ይቀዘቅዛል። ኩሳትሱ ውስጥ ከሁሉም ምንጮች በደቂቃ ከ32,000 ሊትር በላይ ያለ ሞተር በራሱ ይፈልቃል። ተራ ውሃ ጨምሮ ማቀዝቀዝ ኃይሉን ያሳጣዋል ብለው ስለሚያምኑ ሴቶች ረጃጅም ሳንቃ ይዘው፣ እየዘፈኑ ያማስሉታል። እማዬ ይህን ስታይ ከቦታው አልነቃነቅ አለች።

ማረፊያው ስንደርስ ኦካሚዋ መግቢያው ላይ ተንበርክከው ተቀበሉን። እማዬ ደነገጠች፤ ጎንበስ ብላ ልታነሳቸው እጃቸውን ያዘቻቸው። «ኧረ በእናትሽ ንገሪያት፣ እኔ ምን ሆኜ ነው የምትንበረከክልኝ?» አለችኝ። እርሳቸውም እጃቸውን አልነጠቁም፤ ሁለቱም ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ክፍሉ ታታሚ በሚባል የሣር ምንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ አልጋ የለም፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ሻይና ባቄላ የተሞላ ትኩስ ጣፋጭ ብቻ። የምንለብሰውን ዩካታ አምጥተው እማዬን ያለበሷት ራሳቸው ናቸው። የግራው ክፍል ሁልጊዜ በቀኙ ላይ ይደረባል፤ ቀኙን ከላይ የሚያደርጉት ለሬሳ ነውና ይህን አስተውሉ።

ዓርብ ስለነበር እማዬ ጾመኛ ናት። የጃፓን ምግብ ሥጋ ባይኖረውም እንኳ መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚሠራ፣ እርሷ ደግሞ በጾም ዓሣ ስለማትቀምስ፣ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። ወጥ ሠሪው መረቁን ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ሠርቶ ጠበቀን። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም ዓሣም የሌለበት የራሳቸው የአበሳሰል ሥርዓት ስላላቸው ጥያቄው እንግዳ አልሆነበትም። ቶፉው፣ የተጠበሰው ቅጠል፣ ሰሊጥ የተነካው አትክልት እየተከታተለ መጣ። እማዬ የምግቡን ማነስ ሳይሆን የሳህኑን ብዛት ነው ያደነቀችው፤ «ይህን ሁሉ ማን ያጥበዋል?» እያለች ተጨነቀች። እራት ስንጨርስ መኝታችንን ወለሉ ላይ ሊያነጥፉ የመጡትን ሴት ልትረዳ ብድግ ብላ ለማስቀመጥ ተቸገርኩ።

ከእራት በፊት ግን ታጥበን ነበር፤ ዋናው ነገርም እርሱ ነው። ኦካሚዋ ልጥፉን በትንሽ ሳህን አድርገው አመጡና አማራጩን ነገሩን። ለእማዬ አስረዳኋት። አንገቷን እየነካካች አሰበችና «አንገቴን ይሸፍኑት፣ ግድ የለም። መስቀሌን ግን አልሸፍንም» አለች። ይህን ስተረጉም ኦካሚዋ ሳህኑን መልሰው ወሰዱና የቤተሰቡን መታጠቢያ ቁልፍ ይዘው መጡ። ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ ውሃው ድኝ ስላለበት ብር ያጠቁራል፤ አንገቷ ላይ ያለው የብር መስቀል ይውለቅ። እማዬ መስቀሉን ከማተቧ ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ማተቡን ግን አልፈታችም፤ ማንም ፍቺ አላላትም።

ገንዳው ውስጥ ከመገባቱ በፊት ውጭ ተቀምጦ በሳሙና በደንብ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ገንዳው ለመዘፍዘፊያ እንጂ ለእድፍ ማስለቀቂያ አይደለም። እማዬን በትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ አስቀመጥኳት። በሥራዬ እንደማደርገው ውሃውን መጀመሪያ በእጄ ለካሁ፣ ከእግሯ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አፈሰስኩ። መጀመሪያ አፈረች፤ ትልቅ ልጇ ፊት እርቃኗን መሆን ከብዷት ጀርባዋን አዞረች። ጀርባዋን ስፈትግላት ግን ትከሻዋ ላላ። የንቅሳቱ መስመር ከኋላ ማጅራቷ ላይ እንደሚያልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማን እንደነቀሳት ጠየቅኳት። በሰፈራቸው የታወቁ ሴት በመርፌ ወግተው፣ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሰው እንደቀቡባት፣ እናቷ እጇን ይዛ እንዳታለቅስ ስትለምናት እንደነበር ነገረችኝ። እናቷን በስም ጠርታ ስታወራልኝ ከስንት ዘመን በኋላ ነው! ከዚያ ወደ ገንዳው ገባን። ውሃው ከሎሚ ጭማቂ የማይተናነስ አሲድ አለበት፤ የተቆረጠ ወይም የተላጠ ቆዳ ካላችሁ ያቃጥላል። እማዬ እንደ ገባች በስመ አብ ብላ አማተበችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ጸለየች። ብዙ መቆየት ልብ ያደክማልና በየመሐሉ አስወጣኋት።

በማግስቱ ኦካሚዋ ሻይ ይዘው መጥተው ስለ ኩሳትሱ አወሩን። ይህ ውሃ ድሮ የሥጋ ደዌ የያዛቸው ከየአገሩ እየመጡ የሚታጠቡበት ነበር። በ1932 መንግሥት እዚያው ኩሳትሱ ውስጥ ማቆያ ሠርቶ ሕሙማኑን ለይቶ ማኖር ጀመረ፤ ለይቶ የሚያቆየው ሕግ የተሻረው በ1996 ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ሀገር ቤትም በየጠበሉ ደጅ እነዚህን ሰዎች እያየች ያደገች ናት። «ታዲያ ውሃው እኮ ማንንም አልመለሰም» አለች። ኦካሚዋ ትርጉሙን ሲሰሙ አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የቶኪዮ ወረዳ በካትሱሺካም ሆነ ሌላ የጃፓን ቦታ ያላችሁ፣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ልታስመጡ የምታስቡ፣ በንቅሳት ምክንያት ይህን አትተዉት። በኢንተርኔት ብቻ አትያዙ፤ ስልክ ደውላችሁ ንቅሳቱ የት እንዳለና ምን እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። የቤተሰብ መታጠቢያ አለ ወይ፣ የሚከፈልበት ነው ወይስ በነጻ፣ ምድር ቤት ክፍል ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ብዙ ጊዜ በክፍል ሳይሆን በሰው ነው የሚታሰበው፣ እራትና ቁርስም በውስጡ ነው። ጾሙን ቢያንስ ከሳምንት በፊት አሳውቁ፤ እዚያ ደርሶ መናገር ወጥ ሠሪውን ያስጨንቃል። ጉርሻ ገንዘብ አይሰጥም።

እማዬ ወደ ባሕር ዳር ከተመለሰች ወዲህ ጉልበቷ እንደተሻላት ትምላለች። ባለፈው ስትደውል ታናሽ እህቷን ይዛ ልትመጣ እንዳሰበች ነገረችኝ። «የእሷ ንቅሳት ከእኔ ይበዛል፤ እስከ አገጯ ነው። አስቀድመሽ ጠይቂልን» አለችኝ። ጠይቄያለሁ። ኦካሚዋ ለጥቅምት ምድር ቤቱን ክፍል ይዘውልናል።