የአባባ ክኒን

ዛሬ ከአባባ ጋር በከዚራ ቀስ እያልን ስንሄድ ሰው እየዞረ ያያቸው ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸው አጥሯል። ድሬ ላይ «እርጅና ነው» ያላለን የለም። ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ነው።

ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ስለ በሽታው ሲጽፍ የተነሳው ከስድስት ሰዎች ነው። የተወሰኑትን ያገኛቸው ደግሞ መንገድ ላይ! ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። መንገደኛውን አይቶ አላለፈውም።

መድኃኒቱ ግን ስንት ዘመን ፈጀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት የደነዘዙ ጥንቸሎችን ኤል-ዶፓ በተባለ፣ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያግዝ የአንጎል ኬሚካል) በሚለወጥ ንጥረ ነገር አነቃ። በ1960 ቪየና ውስጥ እነ ሆርኒኪዬቪች በሟች ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን በጣም ማነሱን አሳዩ። በ1967 ሐኪሙ ጆርጅ ኮትዚያስ ኤል-ዶፓ ያለበትን ዲኤል-ዶፓ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረ በአፍ ሰጠ፤ ታማሚዎቹም በግልጽ ተሻላቸው።

የአባባ ክኒን የመጣው ከዚያ ነው። ሲውጡት ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ። በሽታውን የሚያቆም ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሄ ያንገበግበኛል።