ሴናተር ይሆናል፣ ፕሬዚዳንት አይሆንም
ዛሬ አራት ኪሎ ላይ ከቨርጂኒያ የመጣው የአክስቴ ልጅ አከራከረን። የአሜሪካ ዜግነት አግኝቷል፤ ግብር ይከፍላል፣ ይመርጣል፣ ዘጠኝ ዓመት ዜጋ ሆኖ ከቆየ ለሴኔት መወዳደር ይችላል። ፕሬዚዳንትነት ግን በትውልድ ዜጋ ለሆነ ብቻ ነው። ኦስትሪያ የተወለደው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር እንኳ ካሊፎርኒያን ያህል ግዛት አስተዳድሮ ዋይት ሀውስን በሩቁ ነው ያየው።

ክልከላው ያረጀ ይመስለኛል። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ጄይ እ.ኤ.አ. በ1787 ለጆርጅ ዋሽንግተን ሲጽፍ የፈራው የጦር አዛዥነቱ በባዕድ እጅ እንዳይወድቅ ነበር። ዛሬ መራጩ ያልወደደውን ድምፅ ይንፈገው!

አጎቴ ሳቁብኝ። «የእኛስ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ከመምረጥም ከመመረጥም አልከለከለም?» አሉ። ከልክሏል። ግን እነሱ የሌላ አገር ዜጎች ናቸው፤ የአክስቴ ልጅ የተከለከለው በገዛ አገሩ ነው ብዬ መለስኩላቸው። አልተዋጠላቸውም።