ስከታተል የከረምኩት ትሉን ሳይሆን የተበላሸ ሽንት ነበር

ቢልሃርዝያ ያለበትን ሰው ሽንት ከሌለበት የሚለይ ኬሚካላዊ ምልክት እፈልግ ነበር። ሜታቦሎሚክስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሽንት ወይም ደም ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ውህዶች ባንድ ላይ መለካት። በሽታውን የሚያመጣው ትል ደም ሥር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጉበትና አንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሽንት ላይ አሻራ ሊተው ይችላል።

ፈቃዱም፣ የስምምነት ፊርማውም፣ ናሙና መሰብሰቡም ጊዜ ከመብላቱ በቀር በሰላም አለፈ። ሰገራውን በካቶ ካትዝ አየን፤ የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ የመቁጠሪያ ዘዴ ነው። 41.7 ሚሊግራም ላይ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በግራም ስንት እንደሆነ ይነግራል።

ጉዴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መመሪያችን እንቁላል የተገኘበት ስላይድ በሁለተኛ ባለሙያ ካልተረጋገጠ ሽንቱ አይቀመጥም ይል ነበር። ስለዚህ የነጻዎቹ ሽንት ወዲያው በረዶ ውስጥ ገባ። የታመሙት ግን ሁለተኛውን ቆጣሪ ሲጠብቅ ጠረጴዛ ላይ ዋለ። አንዳንዱ ስድስት ሰዓት! የማቀዝቀዣው ቁልፍ ያላቸው ኃላፊ «ያልተረጋገጠ አይገባም» ብለው ድርቅ አሉ። እኔም «እሺ» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የሳቸው ድርቅና ሳይሆን የኔ «እሺ» ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ጮቤ ረገጥኩ። የታመሙት ግራፉ ላይ ለብቻቸው ተሰብስበዋል። ትራይሜቲላሚን የሚባለው ውህድ ጨምሯል፣ ሂፕዩሬት የሚባለው ወርዷል። የትራይሜቲላሚን ስም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ፣ ቢልሃርዝያ በያዛቸው አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት ስለተነሳ ጭራሽ አልተጠራጠርኩም። ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ።

አንድ ቀን የተረፈ ቱቦ አቅልጬ ክዳኑን ስከፍት የተበላሸ ዓሣ ሸተተኝ። ትራይሜቲላሚን ደግሞ የዓሣው ሽታ ራሱ ነው። ሌላ ቱቦ ከፈትኩ፤ ያው። ደነገጥኩ። ሽንት ውጭ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ሂፕዩሬቱን ይሰብረዋል፣ አሴቴት የሚባል ሌላ ውህድ ይጨምርበታል። ዳታውን በበሽታ ሳይሆን ውጭ በቆየበት ሰዓት ደረደርኩት። ከታመሙት ውስጥ ቶሎ የቀዘቀዙት ሄደው ከነጻዎቹ ጋር ተቀላቀሉ። አለቀ።

ከመመሪያ ጋር ብጋጭም ልናገር፦ መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ማን ታሟል የሚለውን በኋላ እወቁ። «ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ችግር የለም» የሚሏችሁን አትስሙ። እኔ ከሁለት ሰዓት በላይ አልታገስም፤ ከዚያ ቀጥታ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ። መለኪያ ማሽኑ ላይ የታመመውና የጤነኛው ቱቦ በተደባለቀ ተራ ይግባ። ሰውየው የበላውንም ጠይቁ፤ ሂፕዩሬት ከአትክልትና ፍራፍሬም ይመጣል። «በስታቲስቲክስ ይስተካከላል» ያለኝም ነበር። የታመመው ሁሉ ቆይቶ፣ ጤነኛው ሁሉ ቶሎ ከቀዘቀዘ ምኑ ከምኑ ይለያል?

ሁሉንም እንደገና ሰበሰብኩ። አሁን ቱቦው ላይ የምጽፈው ሁለት ሰዓት ነው፤ የተሸናበትና በረዶ የገባበት። በሁለተኛው ዙር ልዩነቱ በጣም ቀጠነ፤ ጮቤ አያስረግጥም። ቱቦው ግን አይሸትም።