18 ቁራጭ ሸክላ፣ አንድ ሰፌድና የሶዳ እቶን

ባለፈው እሑድ እቶኑን ስንከፍት ገና ትኩስ ነበር። ጓንት አድርጌ መጀመሪያ የለቀምኩት ኩባያዎቼን አይደለም፣ የሙከራ ቁራጮቼን ነው። 18 ናቸው። 6 ዓይነት ስሊፕ፣ እያንዳንዱ 3 ቁራጭ ላይ። ከዚህ በፊት እንዲሁ 12 ቁራጭ አስገብቼ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቻለሁ፣ ምክንያቱም ጀርባቸው ላይ የጻፍኩት በተራ ማርከር ነበር። 1300 ዲግሪ አካባቢ ማርከር የሚባል ነገር አይተርፍም! አሁን ቁጥሩን የምጽፈው በብረት ኦክሳይድ ነው።

ስሊፕ ያው በውሃ የተበጠበጠ ጭቃ ነው። ከእርጎ ቀጠን፣ ከወተት ወፈር ይላል። ዕቃውን ትነክሩበታላችሁ ወይም በብሩሽ ትቀቡታላችሁ።

የሶዳ እቶን ላይ ደግሞ ዕቃው ከውጭ ግሌዝ (ሲተኮስ መስታወት የሚሆነው ቅብ) ሳይቀባ ነው የሚገባው። እሳቱ ጫፍ ሊደርስ ሲል ሶዳ አሽ የሚባለውን ነጭ ዱቄት (ሶዲየም ካርቦኔት) በሙቅ ውሃ አሟምተን በጎን ባሉት ቀዳዳዎች እንረጫለን። ሶዳው ወዲያው ይተንና ከነበልባሉ ጋር እየዞረ ጭቃው ውስጥ ካለው ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ማዕድን) ጋር ተዋህዶ መስታወት ይሆናል። ጀርመኖች ራይን ወንዝ አካባቢ ለዘመናት ይህንኑ በጨው ሲያደርጉት ኖረዋል። ጨው ግን የሚያንቅ የአሲድ ጭስ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሶዳ በቦታው የተሞከረው ለዚህ ነው። ሶዳ ክፋቱ እንደ ጨው በየቦታው እኩል አይዳረስም። ነበልባሉ ፊት የቆመው ዕቃ ያብረቀርቃል፣ ከኋላው የተደበቀው ደርቆ ይወጣል። (እኔ እንኳ የምወደው ይሄንን ነው።)

አንዱን ስሊፕ 3 ቁራጭ ላይ የቀባሁትም ለዚሁ ነው፦ አንዱ መርጫው አጠገብ፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ ከታች ጥግ። ቁራጮቹን ደግሞ አቁሜ ነው የማስገባው፤ የተኛ ቁራጭ ስለ ቆመ ኩባያ ምንም አይነግራችሁም። ግማሹን አንድ ጊዜ፣ ግማሹን ሁለት ጊዜ እነክረዋለሁ።

አራቱ ስሊፖች ካኦሊን (የፖርሴሊን ጭቃ) እና ነፈሊን ሳይናይት (እሳት ላይ የሚቀልጥ የተፈጨ ድንጋይ) ብቻ ናቸው፣ መጠኑ እየተለዋወጠ፤ ፊት የምጠራው ቁጥር የካኦሊኑ ነው። 90 በ10 የሆነው አሳዘነኝ። ካኦሊን አሉሚና፣ ማለትም በዚህ እሳት የማይቀልጠው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ይበዛበታል፣ አሉሚና ደግሞ ሶዳውን ይገፋል፤ ስለዚህ መርጫው አጠገብ እንኳ ደረቅ ኖራ መስሎ ወጣ፣ ሁለቴ የተነከረበት በኩል ጠርዙ ላይ ተላጠ። 80 በ20 ጥሩ ነው። 70 በ30 ግን... ምን ልበላችሁ፣ ታችኛው ጥግ የነበረው ቁራጭ የበሰለ ኮክ መሰለ፣ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ሮዝ የሚሄድ፣ መሀሉ ላይ ነበልባሉ ያለፈበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። 60 በ40 ከልክ በላይ አብረቀረቀ። አምስተኛው ላይ ጥቂት ቀይ የብረት ኦክሳይድ ጨምሬ ነበር፣ የተቆላ ቡና ሆነ። ስድስተኛው ነጣ ካለ ካኦሊን የሠራሁት ነው፤ እንደ ነጣ ቀረ፣ አለፍኩት።

አሁን ወደ ቅርጹ። ጭቃው ገና ለስላሳ እያለ የእናቴን አሮጌ ሰፌድ ጫንኩበት። የስፌቱ ዙር በዙር መስመር፣ አንዷ የተበጠሰች አክርማ ሳትቀር፣ ወጣ። ሌላው ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንከባለልኩ፣ ሌላው ላይ በሚዶ ጫርኩ። ሶዳ እንዲህ ዓይነት ገጽ ይወዳል፤ ጉብታው ላይ ያርፋል፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ ይሠራል፣ ስርጉዱ ውስጥ ደግሞ የስሊፑ ቀለም ይቀራል። ስሊፑ ከወፈረ ግን ሁሉም ነገር ይደፈናል። የሚዶው መስመር ሁለት ኩባያ ላይ ጠፋብኝ፣ እኔው በስስት ደጋግሜ ነክሬ። አንዱ ኩባያ ጭራሽ መደርደሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ከሥሩ የሚደረጉትን የአሉሚናና የካኦሊን ድብልብሎች ረስቼ። በመሮ ነው ያላቀቅነው።

ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። ይህን ሥራ ስጀምር «ሸክላ ሠሪ ልትሆኚ ነው እንግዲህ!» ብላ ነበር፣ በየትኛው ድምፅ እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ ልጁን የማይድር ሰው፣ በእሷው ጀበና ቡናውን እያፈላ። አሁን ግን ደወለች።

«ያቺ ሰፌድ ናት?»

«አዎ።»

«ሰፌዴን ጭቃ አስነካሽው?» ዝም አለች፣ ከዚያ፦ «ጀበና ሥሪልኛ በዚህ።»

ይሄ ጀበና እሳት ላይ አይሆንም አልኳት። የእኛ ጀበና በዝቅተኛ እሳት ስለሚተኮስ ጭቃው ቀዳዳ አለው፣ ሲግል ይላወሳል። የኔው 1300 ዲግሪ ድረስ ሄዶ ድንጋይ ሆኗል፤ ነበልባል ላይ ቢጣድ ይሰነጠቃል።

«እና ምን ሊያደርግልኝ ነው ታዲያ?»

«ስኒ ይሆናል።»

«እሺ ስኒ። 6 አድርጊው፣ ያንኑ ኮክ የመሰለውን።»

ቀጣዩ እሳት ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። 70 በ30ን አንድ ባልዲ በጥብጫለሁ። ታችኛው ጥግ ላይ ግን ለ6 ስኒ የሚሆን ቦታ የለም።