ማስረጃ ያልቀረበበት ወሬ
ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጨዋታ ለማየት በተሰበሰብንበት ቤት፣ አንድ ስመ ጥር ተጫዋች በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር እጁ አለበት የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ሲል፣ ገሚሱ የተቀናቃኝ ክለብ ሴራ ነው ብሎ ማለ። ቪዲዮው ግን የተጫዋቹን ፎቶና የሚያስፈራ ሙዚቃ እንጂ የከሳሽም ሆነ የፍርድ ቤት ስም አልነበረውም።

እኔ ያስታወስኩት ራፋኤል ማርኬዝን ነው። የቀድሞው የባርሴሎና ተከላካይ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ ዕፅ አዘዋዋሪ ጋር ግንኙነት አለው ተብሎ በአሜሪካ ግምጃ ቤት የማዕቀብ መዝገብ ሲገባ ውንጀላውን ወዲያው አስተባበለ፤ በ2018ቱ የዓለም ዋንጫም ከሜክሲኮ ጓደኞቹ ተለይቶ የስፖንሰር ምልክት የሌለበት የልምምድ ማሊያ ለብሶ ታየ። በ2021 ስሙ ከመዝገቡ ተሰረዘ፤ ያን ጊዜ ግን የሰደቡት ሁሉ ዜናውን ሰምተዋል ብዬ አላምንም። በአንጻሩ የቀድሞው የኔዘርላንድስ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ኩዊንሲ ፕሮምስ ከ1,300 ኪሎ ግራም በላይ ኮኬይን በማዘዋወር በ2024 በአምስተርዳም ፍርድ ቤት የ6 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በእሱ ላይ የተናገረው ማስረጃ የመረመረ ዳኛ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው፣ ትልቅም ልዩነት ነው።

ቪዲዮውን ያሳየኝ ወጣት «ጋሼ፣ ታዲያ ክለቡ ለምን ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክለቦች ባልተጣራ ጉዳይ ላይ መግለጫ ለመስጠት እንደማይቸኩሉ ባስረዳውም፣ እሱ ዝምታውን ጥፋትን እንደማመን ቆጥሮታል።